አንገቱ የተራቆተ አውራ ዶሮ

በበዓል ዋዜማ አዳማ ገበያ ወገቤን ይዤ ዶሮ ስሸጥ፣ በፈላ ውሃ የተነከረ ላባ ሸተተኝና አባቴ ትዝ አለኝ። ሶደሬ፣ አዋሽ ላይ ዓሣ ለሚያጠምዱ ፈረንጆች ዓሣው ዝንብ መስሎት እንዲውጠው ላባ መንጠቆ ላይ እያሰረ ይሸጥ ነበር። አንድ ቀን፣ እናቴ ለፋሲካ ገበያ ያሳደገችውን ቀይ አውራ ዶሮ «ያዢልኝ» አለኝና የአንገቱን ላባ እየነቀለ ከመንጠቆው አፍ ጋር ይለካ ጀመር።

«ይሄ ረዘመ፤ ይሄ አጠረ። ዓሣ ልኩን ያውቃል፤ የማያውቀው ሰው ነው።»

ልኩ ሲገኝ የዶሮው አንገት ራቁቱን ቀርቷል።

እናቴ ደረሰች። «አንተ ሰውዬ! አሁን ይሄን በሽተኛ የመሰለ ማን ይገዛኛል?»

«ይበቅላል።»

«እስከ ነገ ገበያ?»

እውነቷን ነበር፤ ገዢ ጠፋ። በዚያ ፋሲካ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳችንን ዶሮ በላን። እናቴ እንዳኮረፈች ሁለቱንም እግር በላች።

እኔ ዛሬ አንድም ሳላስቀር ሸጥኩ። ደክሞኝ፣ ለቤቴ ምስር ገዝቼ ገባሁ።