በፎርሙ ላይ የጻፍሁት ሥራ

ያንን ቃል የጻፍሁት ለወንድሜ ሳስቼ ነው ወይስ ለራሴ አፍሬ? የስንቱን ተማሪ ድርሰት በቀይ ቀለም ሳርም ኖሬ፣ ለዚህች ጥያቄ እስካሁን መልስ የለኝም።

ቤታችን ወረታ ዳር፣ ወደ ፎገራ ሜዳ በሚወርደው መንገድ ላይ ነበር። አባቴም ታላቅ ወንድሜም ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ። የእርሻ ወራት ሲቃረብ ገበሬው ማረሻውን ተሸክሞ ይመጣል፤ ከቤታችን ግን ውኃ አይቀምስም፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባላልና። ፊት ለፊት «ባለጅ» ይሉናል። ዞር ሲሉ የሚሉንን ሁላችንም እናውቀዋለን።

እኔ እስከ አሥራ አምስት ዓመቴ ወናፍ ነፊ ነበርሁ። ትምህርት ቤት ስገባ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። መምህሩ ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው። መዝገቡን ገልጠው «የአባትሽ ሥራ?» አሉኝ።

«ገበሬ» አልሁ። አምነው ጻፉት።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ የመንገድ ሥራ ፈረንጅ የመኪናውን የተሰበረ ብረት ይዞ ደጃችን ቆመ። ወንድሜ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቆርጦ፣ አግሎ፣ ቀጥቅጦ አምሳያውን ሠራለት። ፈረንጁ ብረቱን እያገላበጠ ብዙ ቆየ። በሳምንቱ ከአስተርጓሚው ጋር ተመለሰ።

«ፈረንጁ ሱዳን ላለ የጥጥ ፋብሪካ ባለሙያ ይፈልጋል» አለ አስተርጓሚው። «ትምህርትህን አይጠይቅም። እጅህን አይቷል።»

ወንድሜ ስለ ደመወዙ አልጠየቀም። «እዚያ አገር ባለጅን ምን ብለው ይጠሩታል?» አለ።

«ኡስታ ይሉታል። መምህር፣ አዋቂ እንደማለት ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ «ኡስታ፣ እራት ቀርቧል» እያለች ታሾፍበት ጀመር። እሱ እየሳቀ «አቤት» ይላል። ወንድሜ በሥራው ሲጠራ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ለጉዞው የሚሞላው ፎርም በአማርኛ የተጻፈ፣ አንድ ገጽ ነበር። ከግርጌው የተማረ ሰው ምስክርነት ይፈልጋል፤ እዚያ የሚፈርሙት የእኔ መምህር ናቸው። ወንድሜ ፊደል አልቆጠረምና እኔ ልሞላለት፣ እጁን ታጥቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ስሙን ጻፍሁ፣ ዕድሜውን ጻፍሁ። «ሥራ» የሚለው ላይ ብዕሬ ቆመ። ነገ መምህሩ ያነቡታል፤ በእሳቸው መዝገብ ደግሞ የገበሬ ልጅ ነኝ። ደግሞስ ይህን ስድብ በገዛ እጄ ከወንድሜ ስም አጠገብ እንዴት አስቀምጠዋለሁ? ፈረንጁ እንደሆነ በዓይኑ አይቶታል። በእኛ አገር ሰው ማን እንደሆነ በወረቀት አይጠየቅም፤ ዘሩም ሙያውም ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል። ወረቀቱ ለወጉ ነው ብዬ «ገበሬ» ብዬ ጻፍሁ።

«እሱ ሥራዬ ነው?» አለ ጣቱን ዘርግቶ።

«አዎ፣ ወንድምዓለም።»

«ጥርት አድርገሽ ጻፊው።»

«ጥርት አድርጌዋለሁ።»

ወረቀቱ ጎንደር ሄደ። የመሄጃው ቀን ሲቆረጥ እናቴ በሶ ፈጭታ አገልግሉን ሞላችው። እኔና ወንድሜ መኪናው ወደሚቆምበት ወጣን። ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። አስተርጓሚው የአንድ ግንበኛና የአንድ አናጢ ስም ጠርቶ ወረቀቱን አጠፈው።

«የእኔስ?» አለ ወንድሜ።

አስተርጓሚው ዘርግቶ ደግሞ አየው። «የአንተ ተሰርዟል። ሥራው ገበሬ ይላል። ሱዳን ገበሬ አጥታ አይደለም፣ ወንድሜ።»

«ፈረንጁ እጄን አይቷል። እሱን ጠይቁት።»

«እሱ ቀድሞ ከሄደ ሳምንቱ። ኬላ የሚያሳልፈው ይኸ ወረቀት ነው።»

ከሰዎቹ መካከል አንዱ «ቀጥቃጩ ደግሞ መቼ በሬ ጠመደ?» አለ። ሳቁ። «እኔ ነኝ የጻፍሁት» ለማለት አፌን ከፈትሁ፤ ግን ነጠላዬን አፌ ላይ ሳብሁ። መኪናው ሄደ።

ወደ ቤት ስንመለስ ወንድሜ አገልግሉን ከእጄ ተቀበለኝ። «የጎንደሩ ጸሐፊ ነው ሲገለብጥ ያበላሸው» አለ። «አንቺማ ጥርት አድርገሽ ጽፈሽው ነበር።» መንገዱ መሐል ቆምሁ። የደከመኝ መስሎት እሱም ቆሞ ጠበቀኝ።

ያን ዝምታ ይዤ ስምንተኛ ክፍልን ጨረስሁ፣ ጎንደር ተምሬ አስተማሪ ሆንሁ። ደብተር ላይ አንድ ፊደል የሳተን ልጅ ሳላሳርም አላልፍም ነበር።

በአንድ ክረምት መግቢያ ለዕረፍት መጣሁ። ወንድሜ ብቻውን ማረሻ ይቀጠቅጣል። ነጭ ቀሚሴን ሰብስቤ በሩ ላይ ቆምሁና እንደቆምሁ ነገርሁት፤ መዝገቡንም፣ መምህሩንም፣ ብዕሬ የቆመበትንም።

መዶሻው ከፍ እንዳለ ቀረ። ወንድሜ የጋለ ብረት ቀዝቅዞበት አያውቅም። ያን ቀን ብረቱ ከቀይ ወደ ጥቁር ሲለወጥ ሁለታችንም አየነው።

«ያንን የጎንደር ጸሐፊ» አለ በመጨረሻ፣ «በየበዓሉ ስረግመው ነው የኖርሁት።»

ማረሻውን በጉጠት ይዞ ወደ ፍሙ መለሰው፤ ፊቱንም ከእኔ አዞረ።

«ቀዘቀዘ እኮ፣ እቴ» አለ። «ቁጭ በይና ንፊ።»

ከወናፉ አጠገብ በነጭ ቀሚሴ ተቀመጥሁ።