ያልተዘጋው የአማቴ ደም ሥር

አማቴ ከግራና ከተማ ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። እኔ መርሳ ላይ ባጃጅና ሚኒባስ እጠግናለሁ። ሞተር ስለማውቅ ሰውም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው የማሽላ አጨዳ ሰሞን ጉንፋን ጥሏቸው ሲያቃስቱ ደረስኩና፣ «ነገ ወንፈል አለብዎት አይደል? ይውጡ፤ ላብ ላብ ሲልዎት ይለቅዎታል» አልኳቸው። ማን ሐኪም አደረገኝ? አፌ ነዋ።

እሳቸውም ወንፈል የሚቀሩ ሰው አይደሉም። የሳቸውን ማሽላ ጎረቤት አጭዶላቸው፣ የጎረቤቱ ተራ ሲደርስ ተኝቶ መገኘት ከሞት ይከፋባቸዋል። ትኩሳታቸውን ይዘው ወጡ፤ ረፋዱ ላይ ደረታቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ወልድያ ስናደርሳቸው ሐኪሙ ብርቱ ኢንፍሉዌንዛና ሃርት አታክ ነው አለን።

ባለቤቴ አባቷ አጠገብ ቆማ ስታለቅስ እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ። ምክሬን ከእሳቸውና ከእኔ በቀር የሰማ የለም። ቢሞቱ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ፈራሁ፤ ፈርቼም ዝም አልኩ።

ደም ሥራቸው በቀጭን ቱቦ እንዲታይ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላኩ። እዚያ ያየቻቸው ሐኪም «የተዘጋ ነገር የለም፤ ንጹሕ ነው» ስትለኝ ተከራከርኳት።

«መስመሩ ካልተዘጋ ሞተሩ ምን ሆኖ ጠፋ?»

ሳቀችብኝ። ቫይረሱ ሳንባቸውን ሲይዘው ደማቸው ኦክስጅን አነሰው፤ ትኩሳቱና አጨዳው ደግሞ ልባቸውን ያስሮጡታል። ልብ የሚፈልገውና የሚደርሰው ሳይመጣጠን ሲቀር ቧንቧው ክፍት ሆኖም ይጎዳል አለችኝ። ገባኝ። ነዳጅ በቅጡ ሳይደርሰው ዳገት የወጣ ሚኒባስ ነው። ዳገቱን ያሳየሁት ደግሞ እኔ!

እግዜር ይመስገን፣ ተረፉ። ከዚያ ወዲያ ያስቸገረችን «ንጹሕ» የምትለው ቃል ናት። ለጠያቂው ሁሉ «ደም ሥሬ የሕፃን ነው ተብሏል» ይሉና ማጭዳቸውን ይፈልጋሉ። ባለቤቴ ደበቀችባቸው። የቀረውን የወንፈል ተራ እኔ እንድወጣላቸው ተፈረደብኝ።

ማሽላ ማጨድ ብሎን እንደ መፍታት አይደለም። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ መዳፌ ተላጠ። አማቴ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ «አንተ ሰው፣ አገዳውን ነው ወይስ እግርህን የምታጭደው?» እያሉ ጎረቤቱን ያስቁብኛል።

ለምሳ ሲበተን አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ያን ቀን ይውጡ ያልኩዎት እኔ ነኝ» አልኳቸው። አንገቴን ደፋሁ።

«ያመመኝ ደረቴን እንጂ ጆሮዬን ነው እንዴ?» አሉ። «ወልድያ ላይ ሐኪሙ በዚህ ትኩሳት ማን ውጣ አለዎት ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ማንም፣ በራሴ ነው የወጣሁ አልኩት።»

«ለምን?»

«የምተርፍ አልመሰለኝማ። ልጄ አጠገቤ ቆማለች። አባቷን ማጣቷ ካልቀረ ባሏን ደግሞ ለምን ትጣ?»