እንቅልፍ የጠገብኩበት ፋሲካ

ባሌን ጥዬ ከደጋ ስወርድ እግሬ ዝሎ ነበር፤ ልቤ ግን ከእግሬ ይብስ ነበር። በሰባት ዓመት ትዳሬ ሳልመታ ያለፈውን ሳምንት መቁጠር ይቀላል። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ እኔም ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ። በሁዳዴ አጋማሽ ወረታ አጠገብ ካለው የወላጆቼ ቤት ገባሁ። እናቴ እግሬን አጥባኝ አለቀሰች። አባቴ "ደኅና ገባሽ?" ብሎኝ ወደ በሬዎቹ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተናገረም።

የሚያስጨንቀኝ ይኸው ዝምታው ነበር። ሽማግሌ እንደሚላክ ሁላችንም እናውቃለን፤ በፋሲካ የመጣ ሽማግሌን አሳፍሮ መመለስ ደግሞ በእኛ አገር ትልቅ ነውር ነው። አባቴ "ሂጂ" ካለ መሄዴ ነው። እምቢ የምልበት አቅም አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር፣ ለመለመን እንኳ ደክሞኝ ነበር።

ጾሙ የተፈታ ለት ጠዋት አባቴ "በዓሉን ከብቶቹ ዘንድ እንዋል" አለ። በበጋ የጣና ውሃ ከፎገራ ሜዳ ሲሸሽ ከብቱ ሣሩን ተከትሎ ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳል፤ እዚያ ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ዳር ቄጠማ የተሠራች ጎጆ አለችን። ክረምት በገባ ቁጥር ውሃው ይወስዳታል፣ በዓመቱ ሌላ እንቀልሳለን። የልጅነቴ በዓል ያለፈው እዚያ ስለሆነ ስሄድ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሁለት ቀን ሥራ አልነካሁም። እንሥራ ላነሳ ስል እናቴ "ተይው ልጄ፣ አረፍ በይ" ትለኛለች። ወተት ጠጥቼ እተኛለሁ፤ ነቅቼ እበላለሁ፤ ደግሞ እተኛለሁ። ነፋሱ ከሐይቁ ቀዝቀዝ ብሎ ይገባል፤ ደጅ ሳቢሳ የሚባሉት ነጫጭ ወፎች ከላሞቹ ጋር ይውላሉ። እንቅልፉ ግን የፍርሃት እንቅልፍ ነበር። ሰው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር በርግጌ እነሳለሁ።

ማክሰኞ ቀትር ላይ መጡ። ሁለት ሽማግሌዎችና የባሌ ነፍስ አባት ከፊት፣ ባሌ ከኋላ። እኔ ጎጆው ውስጥ ሆኜ በደንገሉ ክፍተት አያለሁ። ጥፋተኛ ይቅርታ ሲለምን በትከሻው ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል፤ "አውርድ" ካልተባለም አያወርድም። ባሌም እንደ ወጉ ተሸክሞ፣ አንገቱን ሰብሮ ቆሟል። እኔ ግን የማየው የአባቴን ፊት ነበር።

እናቴ ቁርበት ልታነጥፍ ብትሮጥ አንቀመጥም አሉ።

"ቃልዎን ሳንሰማ አንቀመጥም፤ እህል ውሃም አንቀምስም" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። "ልጁ አጥፍቷል፤ አጥፍቻለሁም ብሏል። ስለ ትንሣኤው ብለው ይማሩት፤ ሚስቱን ይስጡት።"

አባቴ የቄሱን መስቀል ተሳለመ። ከዚያ ወደ ባሌ ጠጋ አለና ትከሻው ላይ ያለውን በጣቱ ጫን አደረገው። ጥቁር አፈር ፍርፍር ብሎ ወረደ።

"ይኸ እኮ የደረቀ ጭቃ ነው፤ ጓል" አለ።

ቄሱ አፈሩ። "ምን ያድርግ፣ በዚህ ሜዳ ጠጠር እንኳ የለ! ዙረን ዙረን አጣን" አሉ።

"ልክ ነዎት አባታችን፣ እዚህ የለም። ወረታ ጋራው ሥር ግን ሞልቷል። ያለፋችሁት በዚያ ነው።"

ይኼኔ ባሌ ቀና አለ። በሽማግሌ ፊት ጥፋተኛ አይናገርም፤ እሱ ግን መቼም ራሱን ገዝቶ አያውቅ። "ከዚያ ጀምሬ ልሸከም ኖሯል? የግማሽ ቀን መንገድ እኮ ነው!"

እናቴ ነጠላዋን በአፏ ላይ ያዘች።

"ልጄ ጀርባዋ ቆስሎ ከደጋ እዚህ ድረስ በእግሯ መጥታለች" አለ አባቴ፣ ድምፁን ሳያነሳ። "አንተ የግማሽ ቀን ድንጋይ ከበደህ። አውርደው፤ ይቅር ብዬሃለሁ። ልጄን ግን አልሰጥህም።"

ምንም ሳይቀምሱ ተመለሱ። ሽማግሌ አሳፈረ ተብሎ የአባቴ ስም እስከ ሐሙሲት ድረስ ተነሳ፤ ለብዙ ጊዜ ለሽምግልና የጠራው ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ እኔ ይህን አላሰብኩም። የገረመኝ የጀርባዬ ነገር ነበር፤ ለአባቴ አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም።

አባቴ ገብቶ ጀርባውን ሰጥቶኝ በሩ ላይ ተቀመጠ።

"እሱን መርጬ የዳርኩሽ እኔ ነኝ" አለ።

ይቅርታ እየጠየቀኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ሽማግሌ አላስከተለም፣ ድንጋይም አልተሸከመም። "ግድ የለም አባቴ" ማለት ነበረብኝ፤ ሦስት ቃል ናት። ያን ቀን ግን እሷንም ማለት አቃተኝ።