የአስማተኛው ሽምግልና

ፍኖተ ሰላም ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ዘንዶ ነኝ፤ አንዳንዴም የመንደር ሹም፣ የተራበ ጅብ ወይም የሚናገር ድልድይ እሆናለሁ። ይህን ሁሉ የምሆነው በአንድ ጨዋታ ውስጥ ነው። ባሕር ዳር ስማር አብራኝ የምትኖር ልጅ አስተማረችኝ። አንድ ሰው ተረቱን ይመራል፤ ሌሎቹ በተረቱ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሆነው “እንዲህ አደረግሁ” ይላሉ፤ ይሳካላቸው እንደሆነ ደግሞ ዳይስ የሚባል ባለ ቁጥር ጠጠር ተጥሎ ይወስናል፤ ትልቅ ቁጥር ከወጣ ይሳካል። ተረቱን የምመራው እኔ ነኝ።

ተጫዋቾቼ ሦስት ናቸው። አንደኛዋ የስፖርት መምህርት ናት፤ በጨዋታው ጦረኛ ሆና ከቁመቷ የሚበልጥ ጎራዴ ይዛ ትዞራለች። ሁለተኛው ትራፊክ ፖሊስ ነው። ሳምንቱን ሙሉ አስፋልት ላይ ቆሞ ሕግ ሲያስከብር ስለሚውል፣ እሑድ እንኳ ሌባ ልሁን አለ። ሦስተኛው የቡሬ ልጅ ነው፤ የግብርና ባለሙያ። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ጥቂት ተምሯል። እሱ አስማተኛውን መረጠ።

በዚህ ጨዋታ አስማተኛ ሲጀምር ምስኪን ነው። ጋሻ አይዝም፣ ጎራዴ አያነሳም፣ ነፍሱም ጥቂት ናት። በመጀመሪያው እሑድ ጫጩት ያላት ዶሮ ዘልላ ነቆረችውና ሞተ። ዳይሱ ነው እንጂ እኔ አልፈረድሁበትም። በሚቀጥለው እሑድ “የሟች ወንድም ነኝ” ብሎ መጣ።

አዘንንለት። ጦረኛዋ ራሷ “ትንሽ ጥበብ ጨምሪለት እንጂ፣ ዶሮ የሚገድለውን ሰው ይዘን የት እንደርሳለን?” አለችኝ። ጨመርሁለት። እሳት መወርወር፣ መብረር፣ የተዘጋ መክፈት፣ ሰው ማስተኛት ቻለ። ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው ጠፋ።

የባሰው ግን ቅኔው ነው። አስማት ሲጠራ እንደ ሰው “ተከፈት” ብሎ አይተወውም። ዐይኑን ጨፍኖ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ስንኝ ይቆጥራል። አንድ እሑድ የግንብ በር ላይ ደረሱ፤ በሩ ተቆልፏል፣ ዘበኛም አለ። አስማተኛው ትንሽ ቆየና እንዲህ አለ፦

ተኛ በል ዘበኛ፣ ኮከቦች ሰፈሩ፤
ደመናው ተከፍቶ፣ ይኸው አሁን በሩ።

“ሰሙ፣ ደመናው ተገለጠና ኮከቦቹ በሩ ነው፤ ዘበኛው ሰማይ ሰማይ እያየ ይተኛል። ወርቁ፣ የግንቡ በር ተከፈተ ነው። ሁለት ሥራ ተሠራ፤ ያወጣሁት ግን አንድ አስማት ብቻ ነው” አለን።

ስንኙ ደስ አለኝና ፈቀድሁለት። በሩም ተከፈተ፤ ዘበኛውም አንኮራፋ። ቁልፍ ለመክፈት እጁን ሲያፍታታ የነበረው ትራፊክ ፖሊስ ቅር አለው።

“ሌባው እኔ ነኝ፤ የሚዘርፈው እሱ ነው” አለ።

ጦረኛዋ ደግሞ ተነሣችና ጃኬቷን ለበሰች። “ጎራዴዬን ከመዘዝሁ ቆየሁ። ዘንዶውን እሱ አቃጠለው፣ ሽፍቶቹን እሱ አስተኛቸው። እኔ ሻንጣ ተሸካሚ ነኝ። ተሸካሚ ከፈለጋችሁ መናኸሪያ ሞልቷል” ብላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ስንደውልላት ልብስ እያጠብሁ ነው ትላለች። አንዲት ሴት ይህን ያህል ልብስ ከየት እንዳመጣች አላውቅም።

ያለ እሷ ጨዋታው ሞተ። ትራፊክ ፖሊሱ አንድ ሐሳብ አመጣ፦ “ወላጆቿ ማንኩሳ ናቸው፤ እሑድ እነሱ ዘንድ ነው የምትውል። ሄደን አባቷን አማላጅ እናድርግ። አባቷን እምቢ አትልም።”

ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። ባዶ እጅ ነውር ነውና ድፎ ዳቦ ያዝን። ፖሊሱ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ አስማተኛው ነጭ ጋቢ ደርቧል፤ እኔም ነጠላዬን አጣፍቻለሁ። ግቢው ውስጥ በርበሬ ለፀሐይ ተሰጥቶ ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል። አስማተኛው ገና ሲገባ ያስነጥሰው ጀመር፤ እንባው በጉንጩ ወረደ። የጦረኛዋ እናት እንባውን አይተው ፊታቸው ራራ። ዳቦውን፣ ጋቢውን፣ የኛን አለባበስ ተራ በተራ አዩና ቶሎ ብለው ጠላ ሊቀዱ ገቡ።

አባትየው አስቀመጡንና “በደኅና ነው?” አሉ።

ፖሊሱ ተነሥቶ እጅ ነሣና ትራፊክ ፖሊስ መሆኑን ተናገረ። “አባባ፣ የመጣነው ልጅዎን ፈልገን ነው። ያለ እሷ አልሆነልንም። ይልቁንም ለዚህ ልጅ።”

አባትየው አስማተኛውን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። “ልጁ ምን ይሠራል?”

“አስማተኛ ነው።”

እናትየው የጠላውን ማንቆርቆሪያ እንደ ያዙ በሩ ላይ ቆሙ።

“ከመቼ ጀምሮ?” አሉ አባትየው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

“ወንድሙን ዶሮ ከገደለችው ወዲህ።”

“ሌላስ ሙያ የለውም?”

“ሞልቶታል። ይበርራል። የተቆለፈ ቤት ያለ ቁልፍ ይከፍታል።”

“አንተ ትራፊክ ነኝ አላልህም? ይህን እያየህ ዝም ትላለህ?”

“እኔማ ሌባው ነኝ፣ አባባ።”

እኔ ልናገር አፌን ብከፍት በርበሬው ጉሮሮዬን ያዘኝ። ደግነቱ ልጅቱ ከጓሮ መጣች፤ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። ለካስ እውነትም ልብስ እያጠበች ነበር። የመጨረሻውን ቃል ሰምታ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስትጨርስ ነገሩን ለአባቷ ገለጠችላቸው። እናትየው ግን ወደኔ ጠጋ ብለው “ለመሆኑ ልጁ ሚስት አለችው?” አሉኝ። የለችውም አልሁ። “እንግዲያው ዳቦው ይቆረስ” አሉ።

አባትየው አልሳቁም። ሽምግልና ተብሎ የመጣ ነገር ሽምግልና ነው ብለው ጨዋታውን ከሥሩ አስረዱኝ አሉ። ማን ምን እንደሚችል ጠየቁ። ልጃቸው ቅሬታዋን ተናገረች። አስማተኛውም እያስነጠሰ “የምችለውን ነው የምሠራ። ጥበብ እያለኝ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?” አለ።

አባትየው ጠላቸውን ጎንጨት አሉና ፈረዱ። “እኔ ደምበጫ ገበያ ስሄድ በርበሬ ከጫንሁ፣ እዚያ ደርሼ ጤፍ ልሽጥ አልልም። አንተም ጠዋት ከቤት ስትወጣ የምትይዘውን አስማት ሦስቱን ለይተህ ተናገር። ቀን ላይ ሌላ ቢያምርህ የለም።”

“ደግሞ ስንኝ ሲቆጥር ዐይኑን ይጨፍናል አላላችሁም?” አሉ እናትየው። “ጅብ ቢመጣ በምን ያየዋል? እስኪጨርስ ልጄ ከፊቱ ትቁም። እሷ ካልቆመች አስማቱ አይሥራ።”

“ሰምና ወርቁስ?” አልሁ።

አባትየው ጠላቸውን አስቀመጡ። ቅኔ እንደሚወዱ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። “ሁለት ነገር ከሠራ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ወጡ።”

“ቅኔው በጣም ጥሩ ቢሆንስ?” አለ አስማተኛው።

“ጥሩ ከሆነ ይበል እንላለን።”

ፖሊሱም ስለ ሌባው ምንም እንዳልተባለ አስታወሳቸው። “ለአንተ የምመክርህ ሌላ ሥራ ነው” አሉት አባትየው።

በሚቀጥለው እሑድ ጦረኛዋ ተመለሰች። አስማተኛው በተፈረደበት መሠረት አስማቱን አስቀድሞ ተናገረ፦ እሳት፣ መክፈት፣ ማስተኛት። እኔም ከሞላ ወንዝ ዳር አደረስኋቸው። ድልድይ የለም። መብረርን ቤቱ ትቶታል። ወንዙን ላስተኛው ብሎ ዐይኑን ጨፈነ፤ ጦረኛዋ ጎራዴዋን መዝዛ ከፊቱ ቆመች። ስንኙ አማረ፤ ሁላችንም ይበል አልን። ዳይሱ ግን አንድ ወጣና ወንዙ እንደ ነቃ ቀረ።

“በል ና” አለች ጦረኛዋ። “ጀርባዬ ላይ ውጣ።”

“አልከብድሽም?”

“እግርህን ብቻ ሰብስብ።”

እግሩን አልሰበሰበም። ውኃው መሐል ሲደርሱ ትራፊክ ፖሊሱ ከኋላ ተጠግቶ የአስማተኛውን ጫማ አወለቀበት። ዳይሱም ተሳካለት። ከዚያ ሁሉ እሑድ በኋላ የመጀመሪያ ስርቆቱ ነበር። ጫማው ይጠቅመው እንደሆነ ብጠይቀው፣ ልኩ እንዳልሆነ፣ ቢሆንም እንደማይመልሰው ነገረኝ።