ሰባት ሲመታ

አምቦ ባለው ቤታችን፣ ቡፌው ላይ የተቀመጠው ባለ ዜማ ሰዓት ዕድሜውን ሙሉ የቆጠረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አባቴ ይሠራበት በነበረው ሆስፒታል የነበረች አንዲት የውጭ አገር ነርስ ወደ አገሯ ስትመለስ ትታለት የሄደችው ነው። ወደ እኛ ሰዓት እናዙረው ስንለው፣ «እንግዳ አይደል? በአገሩ ቋንቋ ይናገር። አማርኛና ኦሮምኛ በሚነገርበት ቤት ሦስተኛ ቢጨመር ማንን ይጎዳል?» ይለን ነበር። ስለዚህ አንድ ሲመታ ሰባት፣ ሰባት ሲመታ አንድ እያልን አደግን። አባቴ ለምሳ የሚመጣው ቀን በሰባት ሰዓት ነበርና፣ ሰዓቱ አንዴ ሲመታ እናቴ ሳህኑን ታወጣለች።

ከመምታቱ በፊት ይዘፍናል። ያሉት ድምፆች አራት ብቻ ናቸው፤ እነሱኑ እያገለባበጠ ይዘፍንና ትንሽ ዝም ብሎ መቁጠር ይጀምራል። ያችን ዝምታ ከልጅነቴ ጀምሮ አልወዳትም። ሰው ሊናገር አፉን ከፍቶ የተወው ይመስለኛል።

አባቴ በሞተ በሦስተኛው ዓመት እናቴን መርሳት ያዛት። መጀመሪያ የጠፋባት ያን ሰዓት መተርጎም ነው። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርተን ተቀምጠን ሳለ ሰዓቱ ዘፈነና ሰባት መታ፤ ማታ አንድ ሰዓት መሆኑ ነው። እናቴ ብድግ አለች። ሳህን አወጣች፤ የአባቴን ወንበር በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

«ሰባት ሰዓት ሆነ እኮ! ኢንተላ ኮ፣ ምን ይጎልትሻል? አባን ኬ ዱፌ!»

ልጄ፣ አባትሽ መጣ ማለቷ ነው። ተነሥቼ በሩን ከፈትኩ፤ ከጨለማ በቀር ማንም የለም። ውሻችን ግን ቆሞ ጅራቱን ይቆላ ነበር። ያ ውሻ ጎረቤት እንኳ የማያስገባ ክፉ ነው፤ የመጣውም አባቴ ከተቀበረ በኋላ ነው። ዘግቼ ስመለስ እናቴ ወደ ወንበሩ ዞራ ስለ ጌዶ ገበያ ታወራለች፤ መልስ ትጠብቅና ትስቃለች። ፈራሁ። የገዛ እናቴን ፈራኋት።

ከዚያ በኋላ ምሽቱ ሁሉ እንዲሁ ሆነ። እሷስ በደንብ በልታ የሰላም እንቅልፍ ትተኛለች፤ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። ለእሷ ብዬ ይሁን ለራሴ እንጃ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ እኛ ሰዓት ላመጣው መስታወቱን ከፈትኩና ረጅሙን ቆጣሪ ማዞር ጀመርኩ። አባቴ ሳያዘፍኑ ማዞር ዜማውን ያበላሸዋል ይል ስለነበር በየሰዓቱ እያቆምኩ አስጨረስኩት። ስድስት ሰዓት እንደ ዋዛ አለፈ። ከጓዳ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ቀኑ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚሮጠው?»

ያን ዕለት ሰባት በጠራራ ፀሐይ መታ። እናቴ ሳህኑን አወጣችና በሩን ራሷ ከፈተች። ግቢው ወለል ብሎ ይታያል፤ የተዘጋው የግቢ በር፣ ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ፣ ጥላ ሥር የተኛው ውሻ። ብዙ ቆመች።

«የታለ?»

ዞር ብላ ፊቴን አየችውና ገባት።

«መቼ ሞተ? ለምን አልነገራችሁኝም?»

መርዶ ገና ያን ሰዓት እንደተረዳች ሴት ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። ማታ ረሳችው። በማግስቱ ሰባት ሲመታ እንደገና በሩን ከፈተች፤ እንደገና ተረዳች። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች የሚባለው ለእኔ ነው። በጨለማ የሚመጣላትን ሰው በየቀኑ በብርሃን ቀበርኩባት።

ይህ ሰዓት ወደ ኋላ አይዞርም። ስለዚህ ሌላ ስድስት ሰዓት ወደ ፊት አዙሬ ወደ ነበረበት መለስኩት። ሲመሽ አራቱ ድምፆች ተገለባበጡ፤ ያች ዝምታ መጣች፤ ከዚያ ሰባት። እናቴ ፊቷ በርቶ ተነሣች።

«አባን ኬ ዱፌ።»

ሄጄ በሩን ከፈትኩ። ውሻው ብድግ አለ። ከመግቢያው ፈቀቅ አልኩና፣ አንድ ሰው ጫማውን ጠርጎ እስኪገባ የሚበቃውን ያህል ጠብቄ ዘጋሁት።