በረንዳው የነበረበት ፍርድ ቤት

የከተማችንን ፍርድ ቤት አደሱት። ወደ ዲላ የሚያልፍ ሁሉ ዞር ብሎ የሚያየው፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ሽማግሌ ቤት ነው። ዙሪያውን ሰፊ በረንዳ ነበረው፤ ምሰሶዎቹን የባለጉዳይ ጀርባ ሲደገፋቸው ኖሮ አለስልሷቸዋል።

ኮርኒስ ስላልነበረው ዶፍ ሲወርድ ዳኛው የራሳቸውንም ድምፅ አይሰሙም። እኛ አገር ደግሞ ዝናብ ቀጠሮ አያከብርም። እስኪያባራ ብለው መዝገቡን ሲያጥፉ ከሳሽም ተከሳሽም በረንዳው ላይ ይደረደራል። ከዚያ የማይጠፉት የጌዴኦ ሽማግሌዎች የማስታረቅ ሥራቸውን የሚጀምሩት ያን ጊዜ ነው። ስንቱ ክስ ከዝናቡ ጋር አብሮ አባርቷል።

እናቴና ታናሽ ወንድሟ በቡና መሬት ድንበር ተካሰው ነበር። አጎቴ ከኮንጋ በሞተር ይመጣል፤ ሰላም አይላትም። አንድ ቀን ግን በረንዳው ላይ ቆመው የዝናቡ ፍንጣቂ ቀሚሷን ሲያበሰብሰው ዝም ብሎ ማየት አልቻለም።

“ጠጋ በይ፣ እየረጠብሽ ነው” አላት።

ተጠጋች። ሽማግሌዎቹ ይህችን ይዘው መሃል ገቡ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ እርቁ ያልቃል ተባለ።

ከዚያ በፊት ግን ቤቱ ቅርስ ነው የሚል ኮሚቴ ተነሣና ለእድሳት ተዘጋ። ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች ማለት ይኸው ነው። ኮሚቴው የምሰሶዎቹን ታሪክ ሲያወራ አፉ ማር ነው፤ አውርቶ ሲያበቃ በረንዳው ሥራ ፈት ቦታ ነው ብሎ በብሎኬት ደፈነና መዝገብ ቤት አደረገው። የምሰሶዎቹ ፎቶ አሁን እዚያው ብሎኬት ላይ ተሰቅሏል። በምረቃው ዕለት አንድ ተናጋሪ ከእንግዲህ ዝናብ ፍትሕን አያዘገይም ሲሉ አዲሱ ነጭ ኮርኒስ ሥር የተቀመጠው ሁሉ አጨበጨበ።

እናቴና አጎቴ እድሳቱ እስኪያልቅ በየቤታቸው ሲከርሙ ቂሙ መልሶ ጠንቶ ነበር። በቀጠሮው ቀን ዶፍ ወረደ፤ ውስጥ ግን ኮሽታ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ መጠለያ ቢያጡ ማዶ ሻይ ቤት ገብተዋል። ዳኛው አንዲት ቃል ሳትጠፋባቸው ፍርዱን አነበቡ። እናቴ ረታች።

ስንወጣ ዝናቡ ደጃፉ ላይ ተቀበለን። አጎቴ ሞተሩን ሊያስነሳ ይታገላል። እናቴ ጃንጥላዋን ዘርግታ ሄደችበት።

“ጠጋ በል፣ እየረጠብክ ነው” አለችው።

ቀና ብሎም አላያት። ሞተሩ ተነሳለትና ሄደ።

እስከ ዛሬ አልተነጋገሩም። እሷ ዝናብ በጀመረ ቁጥር በኮንጋ መንገድ በኩል ታያለች፤ እኔ ሳያት እበሽቃለሁ። ኮርኒሱ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንዲት ጠብታ አያሳልፍም።