ጉሮሮዬ ያልደረሰው ጨው

ቀኝ ዓይኔ ሳላዝን ያለቅሳል። ከወጣትነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው። የማያውቁኝ ሰዎች «ምነው አባባ፣ ምን ሆነዋል?» ይሉኛል። እኔም በጋቢዬ ጫፍ ጠረግ አድርጌ «ምንም አልሆንኩ፣ መንገዱ ተዘግቶበት ነው» እላለሁ። እንባ መንገድ አለው። ከዓይን ጥግ ይነሳል፣ በአፍንጫ ውስጥ አድርጎ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ይህን የነገረኝ የጣልያን ሐኪም ነው። እሱ ሳይነግረኝ በፊት ግን የክርስትና አባቴ ያውቁት ነበር። እሳቸው አልነገሩኝም።

ጊዜው ጣልያን ሸዋ ሮቢት ገብቶ የተቀመጠበት ነው። መንገድ ሠራተኛው ከደብረ ሲና ቁልቁል ድንጋይ እየፈነቀለ ወርዶ ከወንዙ ዳር ድንኳን ተክሏል። እኛ የቀወት ሰዎች ከተረተሩ ላይ ሆነን እናየዋለን። አባቴ ሞቷል፤ ከእናቴ ጋር ብቻ ነኝ፤ ጢሜ ገና ማቆጥቆጡ ነው።

ማሽላው እሸት ይዞ ማማ ላይ ወፍ ስጠብቅ ዓይኔ ማንባት ጀመረ። ወንጭፌን ባሽከረክር ወፏ ሁለት ሆና ትታየኛለች። ቆይቶ ጠዋት ጠዋት ሽፋሽፍቴ በመግል ይጣበቅ ጀመር። ከዓይኔና ከአፍንጫዬ መካከል ሽንብራ የምታህል እብጠት ወጣች። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ ቀባችኝ። አልተሻለኝም።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ የክርስትና አባቴ ደጃፋቸው ካለው ድንጋይ ላይ ያስቀምጡኛል። የቀኝ እጃቸውን ጠቋሚ ጣት ድሮ ማጭድ ወስዶባቸዋል፤ ስለዚህ በአውራ ጣታቸው ነው። የዓይኔን ጥግ ጫን ያደርጉና በአፍንጫዬ አጥንት በኩል ቀስ እያሉ ወደ ታች ያሻሉ። መግሉ ገንፍሎ ይወጣል፣ በነጠላቸው ይጠርጉታል።

«ምች ነው ልጄ፣ ወጥቶ ያልቃል» ይላሉ።

አባቴ ከሞተ ወዲህ ፊቴን የዳሰሰኝ ወንድ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ከሳምንት ሳምንት ያችን እሑድ እናፍቃት ነበር።

በዚያው ሰሞን ሰው ተደብቆ ወደ ጣልያን ሐኪም ይወርዳል የሚል ወሬ ተነሳ። ሰንበቴ ላይ ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። ከሁሉ በላይ የተናገሩት የክርስትና አባቴ ናቸው። «የጠላት መድኃኒት የነካ ከእኛ ጽዋ አይጠጣም፣ ቀባሪም አይኑረው» አሉ። ሁላችንም ማልን። እኔን ደግሞ ለብቻ ጠርተው እጄን ይዘው «አንተማ የኔ ልጅ ነህ፣ እንዳታሳፍረኝ» አሉኝ። ማልኩላቸው።

እብጠቷ ግን መሐላ አታውቅም። ቀላች፣ ጋለች፣ ፊቴ በሙሉ ተነፋ፤ ትኩሳት ጣለኝ። እናቴ የፈተለችውን ጥጥ ሊወስድ የመጣ አንድ ሸማኔ ነበር፤ ከታች ከቆላው መንደር፣ እስላም፣ የአባቴ ወዳጅ። አየኝና ፈትሉን ጣለው።

«ይሄማ ዓይንህን ይዞት ሊሄድ ነው!»

«ምለናል ጋሼ» አልኩ።

«ዓይንህም ማለ እንዴ?»

እናቴ ከሰንበቴ እንዳያስወጡን ፈርታ ማልቀስ ጀመረች። እሱም «እትዬ፣ ሸማኔ ክር ካልታየው ምን ይበላል? እኔም ዓይኔን ሄጄ አሳይቻለሁ። ወላሂ፣ ሰውየው ሃይማኖቴንም አልቀየረ፣ ይቺን ጠማማ እግሬንም አላቀናልኝ። ዓይኔን አይቶ ሰደደኝ» አላት። እያለቀሰች ሳቀች። በአህያው ጭኖ ወደ ጣልያኑ ሐኪም ወሰደኝ።

ሐኪሙ እጁን ታጠበና አውራ ጣቱን ዓይኔ ጥግ ላይ አሳረፈ። ደነገጥኩ። አሞኝ አይደለም። ጣቱ ያረፈበትን ቦታ፣ ወደ ታች የሄደበትን አካሄድ አውቀዋለሁ። የእሑዱ ጣት ነው። ‹ሽማግሌ ብዙ ያውቃል› ብዬ አለፍኩት። ሐኪሙ እብጠቷን በስቶ መግሉን አፈሰሰ፣ አሰረልኝ። በአስተርጓሚው አፍ «በሙቅ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ያዝበት፣ ሲሟሽሽ ተመለስ» አለኝ። እናቴ ጨርቅ እያሞቀች ያዘችልኝ፤ ጎረቤት ሲጠይቃት ቅጠል አሰርኩለት ትላለች።

ሲሟሽሽ ተመለስኩ። ሐኪሙ ጫፏ የደነዘች ቀጭን መርፌ በዓይኔ ጥግ ባለችው ቀዳዳ አስገብቶ የጨው ውሃ ገፋ።

«ጨው ጉሮሮህ ደረሰ?» አለኝ አስተርጓሚው።

«አልደረሰም።»

እንደገና ገፋ። ውሃው ተመልሶ በጉንጬ ላይ ፈሰሰ። ሐኪሙ መርፌውን አስቀመጠና ራሱን ነቀነቀ።

«ዘግይተሃል ይላል» አለኝ አስተርጓሚው። «ዓይንህ ያያል፣ ለዚያ አትስጋ። መንገዱ ግን ጠባሳ ሆኗል፣ እንዳነባህ ትኖራለህ። ማንባት ብቻ ሳለ ብትመጣ ይከፈትልህ ነበር። ያቺ ዓይኗ የሚያነባ የአገርህ ልጅ በጊዜ መጥታ ተከፈተላት፤ ጨው ስትቀምስ እንትፍ ብላ ሐኪሙን ሰደበችው፣ አባትዋ በሳቅ ሞቱ።»

«የማን ልጅ?»

«ከተረተሩ ነው የሚወርዱት። ጠቋሚ ጣት የላቸውም። ማሸቱን ሐኪሙ በአውራ ጣት አስለመዳቸው። ምነው፣ አታውቃቸውም?»

ዓይኔ በአዲስ ፋሻ እንደታሰረ በእግሬ ነው ዳገቱን የወጣሁት። የክርስትና አባቴ ደጃፋቸው ሞፈር ይጠርባሉ። ፋሻውን አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ማነው ይሄን ያሰረልህ?»

«ጨዉ ጉሮሮዋ ደረሰ ወይ?» አልኳቸው።

መጥረቢያው እጃቸው ላይ ቀረ። ልጃቸው ከጓሮ ስትዘፍን ትሰማለች። «ደረሰ» አሉ።

«የኔ አልደረሰም።»

ተቀመጡ። «አንድ ሰው ሲወርድ ገበያ ሄደ ይባላል» አሉ ወደ መሬት እያዩ። «ሁለት ሦስት ሆነን ብንወርድ ይነቃብናል። እሷ ሴት ናት፣ ዓይኗ ቢበላሽ ማን ያገባታል? አንተ ወንድ ነህ፣ ትችለዋለህ አልኩ።»

«ይሁን፣ አይውሰዱኝ። ለምን አስማሉኝ? ዝም ቢሉኝ ራሴ እሄድ ነበር።»

«ሁሉ ሲጮህ ዝም ያለ ሰው ይጠረጠራል ልጄ።» ቀና ብለው አዩኝና «እሑድ እሑድ እኮ አወጣልህ ነበር» አሉ፤ ልመና በሚመስል ድምፅ።

እውነት ነው፣ ያወጡልኝ ነበር። ሰው ሳያይባቸው ሊሰጡኝ የሚችሉትን ሰጥተውኛል። መግሉን ጠረጉልኝ፣ መንገዱን ደበቁኝ። ጨርሰው ቢተዉኝ ይሻለኝ ነበር እላለሁ እስከ ዛሬ፤ ያን ጣት ባልወደድኩት ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ከሰንበቴ የምትወጣው ልጅቷም ናት፤ እሷ ምን አደረገችኝ?

ፋሻው ከተፈታ በኋላ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጋቢያቸውን ድንጋዩ ላይ አንጥፈው ጠበቁኝ። መንደርተኛው ሁሉ ቆሟል።

«ና ልጄ፣ ልይልህ» አሉ ጮክ ብለው።

ሄጄ ተቀመጥኩ። አውራ ጣታቸው ወደ ዓይኔ ሲመጣ እጃቸውን ያዝኩና ጭናቸው ላይ መለስኩላቸው። «ይብቃ አባቴ» አልኩ።

«ዳነልህ እንዴ?» አለ ከኋላችን የቆመ አንድ ጎረቤት።

«ድኗል» አልኩት። እንባዬ በጉንጬ ላይ እየወረደ ነበር። የክርስትና አባቴ የሚጠርጉበትን ነጠላ ጨብጠው ቀሩ።